ገንዳው ውስጥ የወደቀችው ቀለበት

ኦሪሲያ ፔቱርሰንን ያወቅኳት ገና ሳታገባ፣ ኦሪሲያ ሃንቻር ሳለች ነው። የተወለደችው ከከተማችን በስተ ደቡብ፣ ስንዴና ድንች ከሚያመርቱ የዩክሬን ዘር ገበሬዎች ቤት ነው። ትምህርቷን እንደጨረሰች ወደ ከተማችን ወደ ፓይን ናሮውስ መጥታ በመንግሥት የኑክሌር ምርምር ማዕከል ተቀጠረች። የተመደበችው መስታወት ክፍል ነበር። እዚያ የሚሠራው የመስኮት መስታወት አይደለም፤ ሌንስ ይሞረዳል፣ ይወለወላል፣ ከብረት ቤቱ ጋር ይገጠማል። እኔ ደግሞ በዚያው ማዕከል ግምጃ ቤት ዕቃ አሽግና እልክ ነበር። ማርሊስ እባላለሁ። ጎረቤትም፣ የሥራ ባልደረባም ሆነን አብረን አርጅተናል።

ጠዋት ጠዋት ሰው አታናግርም። ሌንስ አልገጥም ሲላት በእናቷ ቋንቋ ትሳደባለች፤ ሲገጥምላት ትስቃለች፤ ሳቋ ኮሪደሩን አልፎ ግምጃ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። ሎርን ፔቱርሰን የሚባለው የቧንቧ በያጅ በዚያ ሳቅ ተይዞ እንዳገባት ሁላችንም እናውቃለን። ሎርን ከከተማችን አጠገብ ካለው ሐይቅ ማዶ የመጣ ልጅ ነው፤ አያቶቹ ከአይስላንድ የመጡ ዓሣ አጥማጆች ነበሩ። ሲናገር እያንዳንዱን ቃል እየመዘነ ስለሆነ፣ እሷ ዐረፍተ ነገሩን ትጨርስለት ነበር። እሱም አይከፋውም።

ከዚያ መንግሥት ማዕከሉን ሊዘጋ ወሰነ። በአንድ ክረምት የከተማው ግማሽ ቤት «የሚሸጥ» የሚል ሰሌዳ አቆመ። የመንደሩ አጋዘኖች ሰው በሌለበት ግቢ ገብተው እንደልባቸው ቁጥቋጦ ይበሉ ጀመር። ሎርን ሥራ ሲያጣ ሩቅ፣ ወደ አልበርታ የነዳጅ ዘይት ማውጫ ሄደ፤ ሁለት ሳምንት እዚያ፣ አንድ ሳምንት ቤቱ። እኔንና ኦሪሲያን እዚያው ያቆየን አብራም ፍሪዘን ነው። አብራም የብርሃን ነገር ያጠና ሽማግሌ ሐኪም መሳይ ሰው ነበር፤ ቀጭን፣ ጸጥ ያለ፣ ክራቫቱን ሁልጊዜ ሸሚዙ ውስጥ የሚሸጉጥ። የተዘጋውን ዳቦ ቤት ተከራይቶ ወርክሾፕ አደረገው። ሩበን የሚባል አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሰው ጨምሮ አራት ሆንን።

የምንሠራው አንድ ዓይነት መሣሪያ ብቻ ነው። ከኑክሌር ማብላያ፣ ከሪአክተር፣ የወጣ ያገለገለ ነዳጅ ለዓመታት ጥልቅ የውሃ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ይቀዘቅዛል፤ በዙሪያው ያለው ውሃም ደብዛዛ ብርሃን ይሰጣል። ከቪየና የሚላኩት ዓለም አቀፍ ተቆጣጣሪዎች በየአገሩ እየዞሩ ያ ነዳጅ ለቦምብ መሥሪያ አለመወሰዱን፣ በቦታው መኖሩን ያረጋግጣሉ። አንዱ የነዳጅ ዘንግ ተወስዶ በምትኩ አስመስሎ የተሠራ ብረት ቢቆም፣ ብርሃን አይኖረውም። ችግሩ፣ ነዳጁ በቆየ ቁጥር ብርሃኑ እየደከመ ስለሚሄድ በዐይን ብቻ አይለይም። የእኛ መሣሪያ የሰው ዐይን የማያየውን የብርሃኑን ክፍል ይዞ አጉልቶ ያሳያል። ተቆጣጣሪው ከገንዳው በላይ ባለው ድልድይ ላይ ቆሞ፣ ቁልቁል እያነጣጠረ አንድ በአንድ ያያል። በወርክሾፑ «ጉጉት» እንለው ነበር።

የድሮው ጉጉት የአዳራሹ መብራት ካልጠፋ አይሠራም። በጨለማ ገንዳ ዳር መቆም የሚወድ ሠራተኛ ደግሞ የትም አገር የለም። አብራም መብራት እንደበራ የሚሠራ አዲስ ሞዴል አወጣ። የቪየናው ድርጅት እንዲሞክረው ግራሲዬላ ኦርቶንዶ የምትባል የኡራጓይ ተቆጣጣሪ ላከልን። አጭር፣ ፈጣን፣ በሄደችበት አገር ሁሉ ቡና የምታማ ሴት ናት። መሣሪያውን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ከሰዓቱን ሙሉ ወርክሾፑ ውስጥ ስትጎነበስና ስትነሣ ዋለች።

«ወይዘሮ ፔቱርሰን፣ አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እንዳይቀየሙኝ» አለች በመጨረሻ።

«ይናገሩ።»

«ይህን ከባድ ዕቃ ያሰበው ሰው አንገት የለውም?»

አብራም ከጠረጴዛው ማዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «አለኝ» አለ። «አጭር ናት እንጂ።»

ኦሪሲያ ሳቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ግን አብራምን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣችው። የመሣሪያውን እያንዳንዱን ቁራጭ በኩሽና ሚዛን ላይ ታወጣና «ይኼ ምን ይሠራል? ይኼስ? አስፈላጊ ነው?» ትለዋለች። እሱም እየተነጫነጨ ያነሳል። የመብራቱን ብርሃን የሚያስቀረውን የማጣሪያ መስታወት ከፊት የሚይዝ አንድ የአሉሚኒየም ቀለበት ነበረ፤ በሁለት ደቃቅ ብሎኖች ይቆለፋል። አብራም ብሎኖቹንና ብሎኖቹ የሚገቡበትን ወፍራም ጠርዝ አስቀርቶ ቀለበቷ ተጠምዝዛ በሙጫ ብቻ እንድትያዝ አደረገ። ኦሪሲያ አይታ «ጥሩ ነው» አለች። እኔም ሰምቻታለሁ፤ ሩበንም ሰምቷል። መሣሪያው ቀለለ፤ ሁላችንም ደስ አለን።

ትልቁ ሙከራ ስዊድን ውስጥ በሚገኝ አንድ ጣቢያ ተያዘ፤ ስሙ ይቅር። ድርጅቱ ከወደደው ብዙ መሣሪያ ያዛል፤ ካልወደደው ዳቦ ቤቱን መልሰን ለዳቦ ጋጋሪ መስጠት ነው። አብራም ኦሪሲያን ይዞ ሄደ። እሷ ያን ሁሉ ዓመት ጉጉት ስትገጥም ኖራ እውነተኛ ገንዳ አይታ አታውቅም ነበር።

የገንዳው አለቃ ቶርቢዮርን ይባላል፤ ግዙፍ፣ ጺሙ የነጣ፣ ወሬ የማያበዛ። ድልድዩ ላይ ከመውጣታቸው በፊት ነጭ ቱታ አለበሳቸው፣ ኪሳቸውን በፕላስተር አሸገ፣ የአብራምን መነጽር በገመድ ከጆሮው ጀርባ አሰረ፣ የጋብቻ ቀለበቶቻቸውን አስወለቀ። ከዚያ ውሃ ላይ ምንም እንዳይወድቅ፣ ከወደቀም ወዲያው እንዲነገር አስጠነቀቃቸው። ትንሽ ብረት ነዳጁ መካከል ገብታ ብትሰነቀር የምታመጣውን ጣጣ ኦሪሲያም ከድሮ ሥራዋ ታውቀው ነበር።

ሙከራው በደንብ ጀመረ። ግራሲዬላ አየች፤ ሌሎቹ ተቆጣጣሪዎችም በየተራ አዩ። አብራም ትንሽ ዞር ብሎ ጥያቄያቸውን ይመልሳል። ኦሪሲያ ተራዋ ደርሶ መሣሪያውን ከድልድዩ መከታ ብረት በላይ አሳልፋ፣ የፊቱን ቱቦ በግራ እጇ ደግፋ ዐይኗን ልታስጠጋ ስትል፣ ከጣቷ ሥር አንድ ነገር ሲላወስ ተሰማት። ቀለበቷ ነበረች። ሙጫው በጉዞው መንቀጥቀጥ ተሰነጣጥቆ ኖሮ ተፈትላ ወጣች። ኦሪሲያ አንዴ ብልጭ ስትል አየቻት፤ ከዚያ ውሃው ውስጥ ሰጠመች። አየር ማራገቢያው ስለሚጮኽ የውሃ ድምፅ እንኳ አልተሰማም። ማጣሪያው ራሱ በጎማ ማሸጊያው ተጣብቆ ስለቀረ፣ መሣሪያው እንደ ወትሮው ይሠራል።

ከእሷ በቀር ማንም አላየም።

«ቶርቢዮርን» አለች። «ከመሣሪያችን አንድ ቀለበት ውሃው ውስጥ ወድቃለች።»

«ምን?»

«ቀለበት። የአሉሚኒየም። ትልቅ ሳንቲም ታክላለች።»

«የት ጋ?»

«እዚሁ፣ ከእጄ ሥር። እንዳይጠፋብን ብዬ አልተነቃነቅኩም።»

ቶርቢዮርን እጁን አነሣ፤ ድልድዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ወደ እሷ መጥቶ እጇ ያለበትን ቦታ በመከታው ብረት ላይ በቀለም ምልክት አደረገበት። ፊቱ ቀልቷል።

«ሴትዮ፣ እኔ እዚህ አለቃ ከሆንኩ ጀምሮ በዚህ ገንዳ ውስጥ አንድም ነገር ወድቆ አያውቅም።»

«አሁን ወድቋል» አለችው። ማላገጧ አልነበረም፤ ሌላ የምትለው አጥታ ነው።

ሙከራው ቆመ፤ አዳራሹ ተዘጋ። ኦሪሲያ በመሣሪያው ወደ ገንዳው አንዴም ሳትመለከት ወጣች። ልብስ መቀየሪያው ኮሪደር ላይ አብራም ጠበቃት። የተሸጎጠው ክራቫቱ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፤ እንዲያ ሆኖ አይታው አታውቅም።

«ለምን መጀመሪያ ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ልታደርግ ነበር?»

«እኔ እነግራቸው ነበር። በአግባቡ። ከነምክንያቱ።»

«መቼ?»

አብራም ክራቫቱን ሸሚዙ ውስጥ መልሶ ሸጎጠ። «ከምሳ በኋላ» አለ፤ ከአፉ እንደወጣም ያፈረ መሰለ። ግን አልመለሰውም። እሷም አልለቀቀችውም። «እስከ ምሳ ድረስ እነዚያ ሰዎች ክሬን ሊያንቀሳቅሱበት ነበር፣ አብራም» አለች። አውሮፕላን ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ውቅያኖሱን ሲያቋርጡ ከ«ይቅርታ፣ ልለፍ» በስተቀር ቃል አልተለዋወጡም።

ሲመለሱ ወርክሾፑ ቀዘቀዘ። ድርጅቱ ትእዛዙን አላጸደቀም፣ አልሰረዘምም፤ ዝም አለ። ሩበን በትልቁ ከተማ በዊኒፔግ ሥራ አግኝቶ ሄደ፤ አልፈረድንበትም። አብራም ኦሪሲያን «ያን ካቻቪቴ አቀብዪኝ» ከማለት በቀር አያናግራትም። እሷ ደግሞ ራሷን ትበላ ነበር። አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ከእኔ ጋር ተቀምጣ «እሱ ብሎኖቹን አወጣ፤ እንዲያወጣ የነዘነዝኩት ግን እኔ ነኝ» አለችኝ። «ሙጫውን የቀባሁትም እኔ ነኝ። ታዲያ በምን አፌ ነው እሱን የምቆጣው?»

«ታዲያ ለምን ተቆጣሽ?»

«ከምሳ በኋላ ስላለኝ ነዋ!»

ሎርን በየምሽቱ ይደውላል። ስልኩ ኩሽናዋ ውስጥ ስለሆነ፣ በድንች የሚሞላውን የእናቷን አገር ምግብ፣ ፒሮጊ፣ ልንሠራ ተሰብስበን ሊጥ እየዳመጥን ሳለ አንዱን ንግግራቸውን ሰማሁት። ድምፁን ከፍ አድርጋ ነበር የከፈተችው።

«ነይ በቃ» ይላል ሎርን። «ቤት… እንከራያለን።»

«መጥቼ ምን ልሠራ?»

«ካምፑ… ወጥ ቤቱ…»

«ሰው ይፈልጋል ልትለኝ ነው? እኔ ወጥ ቤት? ኧረ ተወኝ ሎርን! ማርሊስ እዚህ የዳመጥኩትን ሊጥ አይታ እንባዋ እየወረደ ነው!»

«እኔ… እዚህ ብቻዬን ሰልችቶኛል፣ ኦሪስ።»

«ነገ እንነጋገር» አለችው። ስልኩን ዘግታ ዱቄት የነካ እጇን እያየች ቆየች። በማግስቱ ትልቁን ሻንጣዬን ተዋሰችኝ። አቧራውን ጠርጌ ሰጠኋት። ቤቴ ገብቼ ግን አለቀስኩ።

ሻንጣው ባዶውን ኮሪደሯ ላይ እንደተቀመጠ ወርክሾፑ ስልክ ተደወለ። ያነሣሁት እኔ ነኝ።

«ወጣች!» አለ አንድ ድምፅ።

«ማን ናት የወጣችው?»

«ቀለበቷ ናታ! ግራሲዬላ ነኝ፣ ከቪየና። ሴትዮዋ ካሳየችው ቦታ ቀጥታ ወደ ታች፣ ነዳጁ የቆመበት መደርደሪያ ጠርዝ ላይ ጋደም ብላ ተገኘች። በረጅም ዘንግ ለቀሟት። አሁን ይስሙኝ፤ ድርጅቱ መሣሪያውን አልጣለውም። ግን ሦስት ነገር ይፈልጋል። በእጅ የሚፈታ ምንም እንዳይኖረው፣ ሁሉ ነገሩ በሽቦ እንዲታሰር፣ በደንብ ተንጦ እንዲፈተን። ቶርቢዮርን ደግሞ የራሱን ጨምሯል።»

«ምን አለ?»

«ተመልሰው ከመጡ ያቺ ሳትነቃነቅ የቆመችው ሴትዮ ትኑር ብሏል።»

ለሁለቱም አንድ ላይ ነገርኳቸው፤ ለየብቻ ብነግራቸው አንዱ ሌላውን ይጠብቃል ብዬ ፈርቼ ነው። አብራም ሰምቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ኦሪሲያ ኮቷን አውልቃ ጠረጴዛዋ ጋ ተቀመጠችና «ብሎኖቹን ወደ ቦታቸው እንመልሳለን» አለች። እሱም ሳይዞር «ሁለት አይበቃም፤ ሦስት» አለ። «ይከብዳላ!» «ይክበድ!» እንዲህ እየተጨቃጨቁ ሥራው ተጀመረ። ክብደቱን ከሌላ ቦታ፣ ከባትሪው ቤት ቀነሱ። ከዚያም አንገት ላይ ከማንጠልጠል ይልቅ መከታው ብረት ላይ የሚቆለፍ ክንድ ሠሩለት። ሐሳቡ የማን እንደነበር ዛሬም አይስማሙም፤ እኔ ስሰማ ሁለቱም በአንድ አፍ ነው ያወሩት።

መናጡ ላይ ተቸገርን። የማዕከሉ መናጫ ማሽን ድሮ ተሽጧል፤ ዊኒፔግ ያለውን ለመከራየት ወረፋው ረጅም ነው። ሎርን የእረፍት ሳምንቱ ደርሶ ቤት ነበርና ነገሩን ሰምቶ ወርክሾፑ መጣ። ሣጥኑን ዞሮ አየው።

«ሐይቁ ላይ…» አለ።

«ሐይቁ ላይ ምን?» አለ አብራም።

«በበረዶ ሞተር ልትጎትተው ነው?» አለች ኦሪሲያ። ሎርን በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

መጋቢት ነበር፤ ሐይቁን የሸፈነው በረዶ ተሰነጣጥቆ ተገጣጥሞ እንደ ታረሰ መሬት ሆኗል። ጉጉቷን ከነሣጥኗ መንሸራተቻው ላይ አስረን፣ ሎርን በሞተሩ እየጎተተ ከዳር እስከ ዳር ነዳው። ኦሪሲያ ከኋላው ተቀምጣ ወገቡን ይዛ «ፍጠን እንጂ! ሬሣ ነው የጫንከው?» እያለች ትጮኻለች። አብራም ዳር ቆሞ በሁለት እጁ ጭንቅላቱን ይዞ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ስንከፍተው አንዲት ብሎን ላልታ አገኘን። ኦሪሲያ ተሳደበች፤ አብራም የብሎኗን ቦታ ቀየረ። በሚቀጥለው ጊዜ ሎርን የባሰ አድርጎ ነዳ፤ ስንከፍተው ምንም አልተነቃነቀም። በኋላ የዊኒፔጉ ማሽን ላይም ፈተንነውና አለፈ።

ሎርን ከመሄዱ በፊት ሻንጣውን ራሱ መለሰልኝ። «አልሞላም» አለኝ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ አስቦ «ይሻላል» ብሎ ጨመረ። እሱ ግን አልበርታ መመላለሱን አላቆመም። በከተማችን ለቧንቧ በያጅ ሥራ አልነበረማ።

በመከር ወደ ስዊድን ተመለሱ። ቶርቢዮርን መሣሪያውን ለብቻው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ እያንዳንዱን ጥግ በጣቱ ሳበው፣ ጠመዘዘው፣ ገፋው። ምንም አልወጣም። «ይግባ» አለ። ግራሲዬላ ካየች በኋላ ኦሪሲያን ጠርታ ቦታዋን ለቀቀችላት። እሷም ጎንበስ ብላ አየች። ስትመለስ ምን እንደሚመስል ጠየቅኳት።

«ሰው ሁሉ ሰማያዊ ነው ይላል» አለችኝ። «በእኛ መሣሪያ ግን ነጭ ነው የሚታየው። ከላይ ሆነሽ በሣጥን የተደረደሩ የበሩ ሻማዎችን እንደማየት ነው። ረድፉን እየተከተልኩ ሳለሁ አንዱ ቦታ ጨለማ ሆነብኝ። ደነገጥኩ። ተቆጣጣሪዎቹ ለሙከራ ብለው ባዶ ብረት አስቁመው ኖሯል፤ ግራሲዬላ ቀድማ አግኝታው ዝም ብላ ልታየኝ ነው ለካ።»

«አንገቷስ?»

«አንገቷ ደኅና ነው። አሁን ወገቤን አመመኝ ትላለች።»

ትእዛዙ መጣ። ካሰብነው ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ዳቦ ቤቱን ለብዙ ዓመት አስከፍቶ አቆየው። መሣሪያዎቹን እኔ እያሸግሁ ላክሁ፤ ስማቸውን ለመጥራት ምላስ የሚያስቸግሩ አገሮች ድረስ ሄዱ። አብራም ስለዚያ ኮሪደር ነገር አንድም ቀን ይቅርታ አልጠየቃትም፤ እሷም አላነሣችበትም። በየገናው ከእህቱ እርሻ የሚያመጣውን የተጨሰ ቋሊማ ለሁላችን እኩል ያከፋፍል ነበር፤ ከስዊድን በኋላ በነበረው ገና የእሷ ድርሻ እንደወትሮው ነበር፣ አልበዛም አላነሰም። ኦሪሲያ ይህን አስተውላ «እንደዚህ ነው የሚሻለው» ብላኛለች። ጉልበቱ ሲደክም ወርክሾፑን ለዊኒፔግ ሰዎች ሸጠ። እነሱም ኦሪሲያን የገጣጣሚዎቹ ኃላፊ አደረጓት። ጠዋት ጠዋት እንዳያናግሯት እኔ ነኝ አስቀድሜ ያስጠነቀቅኳቸው።

አሁን ውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ራሱ የሚቆጥር ማሽን ወጥቷል ይባላል፤ የኛዎቹ ትእዛዝም እየሳሳ ነው። ኦሪሲያ በሳምንት ሁለት ቀን ትገባለች፤ የተበላሹትን ትጠግናለች።

ሎርን በመጨረሻ ጉልበቱን አመመውና ከአልበርታ ተመለሰ። በዚያው ሰሞን የድሮውን ማዕከል ለማፍረስ ሰው ይቀጠር ጀመር፤ የትኛው ቧንቧ ከየት ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ በያጅ ፈለጉና እሱን ወሰዱት። የመጀመሪያውን ቀን ውሎ ሲመጣ እኔ ኩሽናቸው ውስጥ ነበርኩ። ያን ሁሉ ዓመት ራሱ የበየደውን ሲቆርጥ መዋሉን አስቤ ምን ሊል ነው ብዬ ጠበቅሁ። ኦሪሲያም የዓሣ መጥበሻዋን እሳት ላይ እንዳደረገች ዞር አለች።

«እሺ፣ ምን ተሰማህ?»

ሎርን ጫማውን ፈትቶ በር ላይ አስቀመጠ። አሰበ። አሁንም አሰበ።

«ራበኝ» አለ።

ዓሣውን ገለበጠችለት።